በፍላሽ ላይ 143 የእርሾ ጂኖች አሉ፤ ከዚያስ?

ባለፈው ሐምሌ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከፈረንጅ አራዳ በባጃጅ መጣች። እርጥብ ጃኬቷን በሩ ላይ ሰቀለችና ፍላሿን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "ቲቸር፣ 143 ጂን አገኘሁ" አለችኝ። ፊቷ በርቷል። እኔም ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይታ ግን "አሁን ምን ላድርጋቸው?" አለች።

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ። ተማሪው ወራት ለፍቶ ዝርዝሩ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ግራ ይጋባል። ስለዚህ ለእሷ ያሳየኋትን ሁሉ እዚህ ልጻፈው። ለቀጣዩም ይጠቅማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሾ በ30 ዲግሪ ሲያድግ ይመቸዋል። ድንገት 37 ወይም ከዚያ በላይ ብታደርሱት ይደነግጣል፤ የሚያነባቸውን ጂኖች በደቂቃዎች ውስጥ ይቀያይራል። ተማሪዋ ሌሎች ተመራማሪዎች ለሁሉም ክፍት ያደረጉትን የአርኤንኤ ንባብ፣ ማለትም እያንዳንዱ ጂን ምን ያህል እንደተነበበ የሚያሳየውን ዳታ አውርዳ፣ በሙቀት ጊዜ ሥራቸው የጨመረውን ጂኖች ለይታለች። የራስ ማሽን ሳይኖር፣ ከእዚህ ሆኖ ቁም ነገር ያለው ጥናት መሥራት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የጂን ዝርዝር ስትሰጧቸው ዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ሥራ እንደበዛ የሚነግሩ ድረ ገጾች አሉ። እነዚህ ድረ ገጾች ምንም ብትሰጧቸው መልስ ይሰጣሉ። ዝርዝሩ የተበላሸም ቢሆን፣ የምታወዳድሩበት ስብስብ የተሳሳተም ቢሆን፣ ያማረ ሠንጠረዥ ሠርተው ያመጣሉ። አይቆጧችሁም። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው አዝራሩን ከመጫናችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን አጽዱ

እርሾ ለጂን ጥናት የታደለ ፍጥረት ነው። ሙሉ ጂኖሙ በ1996 ይፋ ሆኗል። ኒውክለስ ካላቸው ሕያዋን መካከል የመጀመሪያው እሱ ነበር። 16 ክሮሞሶም፣ 12 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል፣ 6,000 ገደማ ጂን አለው። ብዙዎቹ ጂኖች ደግሞ ሁለት ስም አላቸው፤ የቤት ስምና የመዝገብ ስም። የቤት ስሙ ሦስት ፊደልና ቁጥር ነው። የመዝገብ ስሙ ግን አድራሻ ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ኤችኤስፒ104 የሚባል ታዋቂ ጂን አለ። የመዝገብ ስሙ ዋይኤልኤል026ደብሊው ነው። ድረ ገጹ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት፤ እኔ እዚህ በእኛ ፊደል ላስቀምጠው። "ዋይ" እርሾ ማለት ነው። የመጀመሪያው "ኤል" ክሮሞሶሙን ይነግራችኋል፤ ከ"ኤ" ጀምራችሁ ስትቆጥሩ 12ኛው ፊደል ስለሆነ ክሮሞሶም 12 ነው። ሁለተኛው "ኤል" የክሮሞሶሙ ግራ ክንድ ነው። 026 ደግሞ ሁለቱ ክንዶች ከሚገናኙበት ከሴንትሮሜሩ ተነስታችሁ ወደ ጫፍ ስትሄዱ 26ኛው ማለት ነው። የመጨረሻው "ደብሊው" ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች በየትኛው ላይ እንደተጻፈ ያሳያል፤ በሌላኛው ቢሆን ኖሮ "ሲ" ይሆን ነበር። ከቀበሌ እስከ ቤት ቁጥር ሁሉም አለ። ይህን ማንበብ ከለመዳችሁ በዝርዝራችሁ ውስጥ ጎረቤታሞች ካሉ ወዲያው ዓይናችሁ ውስጥ ይገባሉ። ለምሳሌ ጋላክቶስ የሚፈጩት ጋል7፣ ጋል10 እና ጋል1 በክሮሞሶም 2 ቀኝ ክንድ ላይ 018፣ 019፣ 020 ሆነው ተደርድረዋል።

ዝርዝራችሁን ሁልጊዜ በመዝገብ ስም ያዙ። የቤት ስም ይቀየራል። አንዳንዱ ጂን አራት አምስት የቆየ ስም አለው፤ አንዳንዴም አንድ የቆየ ስም ሁለት ጂኖችን ይጠራል። ድረ ገጹ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥላችሁ የትኛውን እንደመረጠ ልብ ላትሉ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ኤክሴል። በእኔም ላይ ደርሶብኛል፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው። እርሾ ውስጥ ኦሲቲ1 የሚባል ጂን አለ። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኤንዛይም ይሠራል። በላቲን ሲጻፍ ግን ከኦክቶበር ምህጻረ ቃል ጋር አንድ ነው። ኤክሴል ደግሞ ቀን መስሎት ወደ ኦክቶበር 1 ይቀይረዋል። ኤስአይአር2 ቀድሞ ይጠራበት የነበረው ስም ማርች 1 ይሆናል፤ የኤክስአርኤን1 የቆየ ስም ደግሞ ሴፕቴምበር 1። በ2016 የወጣ ጥናት ከጂን ዝርዝር ጋር የታተሙ የኤክሴል ፋይሎችን ሲመረምር፣ ከአምስት ጽሑፎች በአንዱ ገደማ እንዲህ ዓይነት ስህተት አግኝቷል። የተማሪዬን ፋይል ስንከፍት እዚያው ረድፍ 61 ላይ አንድ ቀን ተቀምጧል። ደነገጠች። ወደ መጀመሪያው የጽሑፍ ፋይል ተመለስንና አስተካከልነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ከኤክሴል ውስጥ ሆናችሁ አስገቡትና የጂኑን ዓምድ "ቴክስት" በሉት። ወይም ከነጭራሹ በኖትፓድ ሥሩ። አንድ መስመር፣ አንድ ጂን። በስሙ ፊትም ኋላም ክፍት ቦታ አይኑር።

አሥር ጂኖችን በዓይናችሁ አንብቡ

ከዚያ ወደ ሳካሮማይሲስ ጂኖም ዳታቤዝ ሂዱ፤ ሳካሮማይሲስ የእርሾው ሳይንሳዊ ስም ነው። ሁሉም ኤስጂዲ ነው የሚለው። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ፣ ነፃ የሆነ፣ የእርሾ ሰው ሁሉ ቤት ነው። ከዝርዝራችሁ አሥር ጂኖች መርጣችሁ አንድ በአንድ ገጻቸውን ክፈቱ። ማጠቃለያውን አንብቡ።

ተማሪዎች ይህን መዝለል ይወዳሉ። "ቲቸር፣ ድረ ገጹ ራሱ ይለይልን የለ?" ይሉኛል። እኔ ግን አላልፈውም። ከተማሪዋ ጋር ያነበብናቸው አሥሩ ብዙ ነገሩን። ኤችኤስፒ104 በሙቀት ተኮማትረው የተጣበቁ ፕሮቲኖችን የሚፈታ ነው። ኤችኤስፒ26 ከመጣበቃቸው በፊት የሚይዛቸው ነው። ቲፒኤስ1 እና ቲፒኤስ2 ትሬሃሎስ የሚባለውን ስኳር ይሠራሉ፤ ሴሉ ሙቀትን እንዲቋቋም የሚረዳ ስኳር ነው። ሲቲቲ1 ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰብር ካታሌዝ ነው። ምንም ስሌት ሳንሠራ የዝርዝሩ ሽታ አወቅነው ማለት ነው። በኋላ ድረ ገጹ ከዚህ ጋር ጭራሽ የማይገናኝ መልስ ቢሰጠን፣ የሆነ ነገር እንደተበላሸ እናውቃለን።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ተመልከቱ። ኤስጂዲ እያንዳንዱን ጂን የተረጋገጠ፣ ሥራው ያልታወቀ፣ ወይም አጠራጣሪ ብሎ ይመድበዋል። አጠራጣሪዎቹ ጂን የመሰሉ ግን ፕሮቲን መሥራታቸው የማይታመን መስመሮች ናቸው። ብዙዎቹ ከእውነተኛ ጂን ጋር ተደራርበው የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ እውነተኛው ሲነበብ እነሱም የተነበቡ ይመስላሉ። ከዝርዝሩ አውጧቸው፤ ማውጣታችሁንም ጻፉ። ከ143ቱ ውስጥ አምስት ነበሩ። 138 ቀረ።

ከየትኛው ጆንያ ነው ያፈሳችሁት?

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ኢንሪችመንት የሚሉት ነገር አለ። ሐሳቡ ከቡና ለቀማ አይለይም። ጅማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም።

6,000 ፍሬ ጥሬ ቡና ያለበት ጆንያ አስቡ። ከውስጡ 60ው ጥቁር ፍሬ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 100 ፍሬ አፈሳችሁ። ስንት ጥቁር ትጠብቃላችሁ? ከመቶ አንድ ስለሆነ፣ አንድ። እጃችሁን ስትከፍቱ 8 ጥቁር ብታገኙስ? "ይቺ እፍኝ በአጋጣሚ አልመጣችም" ትላላችሁ። በሒሳቡም በአጋጣሚ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ እንኳን አይሞላም። ፒ ቫልዩ የሚሉት ይህ ነው። ፍሬው ጂን ነው። ጥቁሩ ደግሞ የአንድ ሥራ ጂን፤ ለምሳሌ የተጣመመ ፕሮቲን የሚያቀና።

ጆንያው ሲቀየርስ? ሙከራችሁ መያዝ የቻለው 2,000 ጂን ብቻ ነው እንበል፤ ጥቁሮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በርከት ብለው የሚነበቡ ስለሆኑ 50ዎቹ እዚያው አሉ። ያው 100 ስታፍሱ የምትጠብቁት 1 ሳይሆን 2 ተኩል ሆነ። ያው 8 ብታገኙ ዕድሉ ከሺህ 3 ገደማ ነው። ድረ ገጹ ግን የሚፈትነው አንድ ሥራ ብቻ አይደለም፤ 1,000 የሥራ ዓይነት ሊፈትን ይችላል። ብዙ በሞከራችሁ ቁጥር በአጋጣሚ የሚገኘውም ይበዛል። ስለዚህ ጥብቁ ማስተካከያ ፒ ቫልዩውን በሙከራው ብዛት ያባዛዋል። የመጀመሪያው ጆንያ ውጤት በ1,000 ተባዝቶም ከ0.01 በታች ይቆማል። የሁለተኛው ከነጭራሹ ይወድቃል። እፍኙ ያው፣ ፍሬዎቹም ያው፤ የተለያየው ጆንያው ብቻ ነው።

ይህን ጆንያ ባክግራውንድ ይሉታል። ድረ ገጾቹ ካልነገራችኋቸው በራሳቸው የእርሾውን ጂኖች ሁሉ ወይም ሥራቸው የተመዘገበውን ሁሉ ይወስዳሉ። የእናንተ ጆንያ ግን ሙከራችሁ ሊያያቸው የቻላቸው ጂኖች ናቸው። በአርኤንኤ ንባብ ከሆነ፣ በቂ ንባብ ያገኙትና ለንጽጽር የቀረቡት በሙሉ። በፕሮቲን ልኬት ከሆነ፣ መሣሪያው የለያቸው ፕሮቲኖች ብቻ። ከጂን ማጥፊያ ስብስብ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ጂን ከጠፋባቸው እርሾዎች ከሆነ፣ ስብስቡ ውስጥ ያሉት ብቻ፤ ያለ እነሱ እርሾው የሚሞትባቸው ጂኖች እዚያ ጆንያ ውስጥ አይገቡምና።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በፕሮቲን ዳታ ላይ ይህን ስቼ ሴሚናር አቅርቤያለሁ። "ሙቀት ራይቦሶምን ያበዛል" ብዬ ተናገርኩ። ነገሩ ግን መሣሪያው በብዛት ያሉ ፕሮቲኖችን በቀላሉ ስለሚያይ ነበር፤ ራይቦሶም ደግሞ ከሁሉም በላይ የበዛ ነው። ጆንያውን ሳስተካክል ውጤቱ ጠፋ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በረጋ መንፈስ ነገረኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የትኛውን ድረ ገጽ ልክፈት?

የሥራዎቹ መዝገብ ጂን ኦንቶሎጂ ይባላል፤ በአጭሩ ጎ። በ1998 የዝንብ፣ የአይጥና የእርሾ ዳታቤዞች ተስማምተው የጀመሩት የጋራ ቋንቋ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ አለው። ጂኑ በእጁ የሚሠራው ምንድን ነው? የሚሳተፈው በየትኛው ትልቅ ሥራ ነው? ሴሉ ውስጥ የሚቀመጠው የት ነው? የጣውላ ቤት ብታስቡ፦ መሰንጠቅ፣ የጅማ ባርጩማ መሥራት፣ መርካቶ ያለው ሱቅ። ሦስቱም ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁለተኛውን፣ የሂደት ቅርንጫፉን ክፈቱ።

ኤስጂዲ ውስጥ ሁለት መሣሪያ አለ፤ ተማሪዎች ያምታቷቸዋል። ጎ ስሊም ማፐር ጂኖቻችሁን በሰፋፊ መደቦች ውስጥ ከፋፍሎ ይቆጥራል። ይቆጥራል እንጂ አይፈትንም፤ ፒ ቫልዩ የለውም። ለመግቢያ ሥዕል ጥሩ ነው። ጎ ተርም ፋይንደር ግን የሚፈትነው ነው። ዝርዝሩን ትለጥፋላችሁ፣ ቅርንጫፍ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጆንያ የምታስገቡበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው አያየውም፤ ግዴታ ስላልሆነ ያልፈዋል። እዚያ ቁሙ። ጆንያችሁን እዚያ ለጥፉ።

ሁለተኛ የምወደው ጂፕሮፋይለር ነው። የኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። ፈጣን ነው፤ ኮኔክሽናችን በሚንቀራፈፍበት ሰዓት እንኳን ይሠራል። ኦርጋኒዝም ከሚለው ላይ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬን መምረጥ አትርሱ፤ ሳትመርጡ ብትገቡ የሰው ጂን ነው የሚፈልግላችሁ። ተጨማሪ አማራጮች የሚለውን ስትከፍቱ የራስን ባክግራውንድ ማስገቢያ አለው። ሦስቱን የኦንቶሎጂ ቅርንጫፎች ብቻ ሳይሆን የጃፓኑን ኬግ የኬሚካል መንገዶችም አብሮ ይፈትናል። ዴቪድ እና ፓንተር የሚባሉም አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ ሥራው ግን ተመሳሳይ ነው። ሁለት መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት መልስ ካገኛችሁ በቂ ነው። አምስት ቦታ እየዞሩ ደስ የሚለውን መልስ መምረጥ ግን አይገባም።

ውጤቱን ስታነቡ

ዝርዝሩ ረጅም ሆኖ ይመጣል። ተማሪዋ 70 ገደማ መስመር ስታይ ጨረቃ ላይ የደረሰች መሰላት። ቀስ ብለን አየነው። "ለማነቃቂያ ምላሽ"፣ "ለጭንቀት ምላሽ"፣ "ለሙቀት ምላሽ"፣ "ሴሉ ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ"። አራቱም ያው ናቸው። ኦንቶሎጂው እንደ ዘር ሐረግ ነው፤ ልጁ ውስጥ ያለ ጂን አባቱና አያቱ ውስጥም ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ ጠባቡ ውረዱ። ዛግሬብ ውስጥ የተሠራው ሬቪጎ የሚባለው ድረ ገጽ ይህን ያግዛል፤ ውጤቱን ትለጥፉለትና ተመሳሳዮቹን ሰብስቦ ወኪል ያስቀምጣል። የተማሪዋ 70 መስመር ወደ ዘጠኝ ወረደ።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ መስመር ስር የትኞቹ ጂኖች እንዳሉ ክፈቱና እዩ። በሁለት ጂን ብቻ የቆመ መስመር ፒ ቫልዩው ቢያምርም አትንተራሱበት። ሥራው ለጂኑ የተሰጠው እንዴት እንደሆነም እዩ፤ የማስረጃ ኮድ አለው። አንዳንዱ በቀጥታ ሙከራ የታየ ነው። አንዳንዱ ማንም ሰው ሳያየው ኮምፒውተር በመመሳሰል የሰጠው ነው። ለእርሾ በእጅ የተመዘገበ ብዙ ስላለ ዕድለኞች ናችሁ።

ሌላም አለ፤ ይህን ያልተናገረ አማካሪ ተማሪውን ይጎዳዋል። በ2000 የታተመ ትልቅ ሥራ እርሾን በብዙ ዓይነት ጭንቀት ፈትኖ፣ 900 ገደማ ጂኖች በሁሉም ላይ በተመሳሳይ መንገድ እንደሚለዋወጡ አሳይቷል። 300 ገደማ ይጨምራሉ፤ 600 ገደማ ይቀንሳሉ። ሙቀትም ሆነ ጨው፣ ረሃብም ሆነ ኦክሲዳንት፣ ብዙ ለውጡ የጋራ ነው። ስለዚህ ትሬሃሎስን ስታገኙ "ይህ የሙቀት ምላሽ ነው" ብላችሁ አትቸኩሉ። የጋራውን ከለየን በኋላ የሚቀረው ነው የሙቀት።

ትእዛዙን የሰጠው ማነው?

ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ጥያቄ ይህ ነው። 138 ጂኖች አብረው ተነሱ፤ ማን ቀሰቀሳቸው? ለዚህ የፖርቱጋሎቹ የይስትራክት ድረ ገጽ አለ። ሊዝበን ውስጥ ነው የሚዘጋጀው። ለየትኛው ጂን የትኛው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን እንደሚያዝ ከታተሙ ጥናቶች ሰብስቧል። ዝርዝራችሁን ስታስገቡ ተቆጣጣሪዎቹን በደረጃ ያወጣል።

ማስረጃውን ግን ለዩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ተቆጣጣሪው ጂኑ አጠገብ ዲኤንኤው ላይ ሲቀመጥ ታይቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ተቆጣጣሪው ሲጠፋ ጂኑ ተለወጠ የሚል ነው። ሁለተኛው ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሦስተኛውን አዝዞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያሉበትን ብቻ መርጣችሁ ፈትሹ። ዝርዝሩ በጣም ይቀንሳል፤ የቀረው ግን ይታመናል።

ለተማሪዋ ከላይ የወጡት ኤችኤስኤፍ1፣ ኤምኤስኤን2 እና ኤምኤስኤን4 ነበሩ። የሚጠበቁ ናቸው። ኤችኤስኤፍ1 የሙቀት አዛዥ ነው፤ እርሾ ያለ እሱ አይኖርም። ኤምኤስኤን2 እና 4 ደግሞ የማንኛውም ጭንቀት አዛዦች ናቸው፤ ጂኖቹ ፊት ለፊት አራት ሲ እና አንድ ቲ ያለበትን አጭር ጽሑፍ ፈልገው ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ ቅድም ያነሳሁት የጋራና የሙቀት ጉዳይ መልስ አገኘ። በኤምኤስኤን ብቻ የሚታዘዙትን ወደ አንድ ጎን፣ በኤችኤስኤፍ1 የሚታዘዙትን ወደ ሌላ ጎን አደረግናቸው። እንደ ኤችኤስፒ104 ያሉት በሁለቱም ይታዘዛሉ። ዝርዝሩ ሦስት ሆነ፤ ሦስቱንም ለየብቻ ወደ ጎ ተርም ፋይንደር መለስናቸው።

ስትሪንግን በአጭሩ ላንሳው። የፕሮቲኖችን ግንኙነት በሥዕል የሚያሳይ ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፤ ተማሪ ሁሉ ለቴሲሱ ይወደዋል። ሲከፈት የመተማመኛ ነጥቡ 0.4 ላይ ነው፤ ወደ 0.7 አድርጉት። ከማስረጃ ምንጮቹ ውስጥ ሁለት ስም አንድ ጽሑፍ ውስጥ አብሮ ስለተጠራ ብቻ የሚያያይዝ አለ፤ እሱን አጥፉትና የሚቀረውን እዩ። ስለ ሁለት ጂኖች አብሮ መጥፋት ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የቶሮንቶዎቹን ዘሴልማፕ ይክፈት። በ2016 ያወጡት ሥራ 23 ሚሊዮን ገደማ ጥንድ ጥፋቶችን የፈተነ ነው።

መብራት ከመጥፋቱ በፊት

እኛ ጋ መብራት በመሀል ይጠፋል፤ ድረ ገጹም የሠራችሁትን አያስቀምጥላችሁም። ስለዚህ ዝርዝሩንና ጆንያውን በሁለት የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። እያንዳንዱን ውጤት ወዲያው አውርዱ። ስክሪን ሾት ብቻ አይበቃም። ከጎኑ የሠራችሁበትን ቀን፣ የድረ ገጹን ቨርዥን፣ የመረጣችሁትን ማስተካከያ፣ የባክግራውንዱን ብዛት ጻፉ። ኦንቶሎጂው በየጊዜው ይታደሳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ፈታኝ ሲጠይቃችሁ ቁጥሩ ተለውጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በብዛት ይመጣልኛል፤ በተለይ ከቡና ጋር ከሚሠሩት። በእርጥብ የቡና ዝግጅት ገንዳ ውስጥ ቡናውን የሚያፈላው እርሾ ከእነዚህ ድረ ገጾች ጋር ይሠራል ወይ ይላሉ። እናቴ ለበዓል የምትጥለው ጠጅ ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ይኸው ሳካሮማይሲስ ነው፤ እሱ ይገባል። የቡናው ገንዳ ግን ፒኪያና ሃንሴኒያስፖራ የመሰሉ ሌሎች ዘሮች የሚበዙበት ነው። የእነሱን ጂን ስም ቀጥታ ብትለጥፉ መሣሪያው አያውቃቸውም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ከሳካሮማይሲስ አቻው ጋር ማዛመድ አለባችሁ። ጆንያውም አቻ ያላቸው ጂኖች ብቻ ይሆናል። አቻ የሌላቸውን ደግሞ አትጣሏቸው፤ ለብቻ ጻፏቸው። ያንን ዘር ልዩ የሚያደርገው ምናልባት እነሱ ውስጥ ነው።

ተማሪዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። በ5,310 ጂን ጆንያ ደግማ ሠርታዋለች። መጀመሪያ በጣም የወደደችው የሴል ግድግዳ መስመር ጠፍቷል። ፕሮቲን ማቅናቱ ቆሟል፤ ትሬሃሎሱም ቆሟል፤ እሱ ግን ወደ ኤምኤስኤኖቹ ጎን ሄዷል። በኤችኤስኤፍ1 ጎን ደግሞ ሥራቸው ያልታወቀ ሦስት ጂኖች ቀርተዋል። "ቲቸር፣ እነዚህን ማንም አልነካቸውም እኮ" አለችኝ። አሁን እነዚያን ሦስቱን ይዛ ነው የምትውለው፤ ሲጠፉ እርሾው ምን እንደሚሆን በኤስጂዲ የፌኖታይፕ ገጽ ላይ አንድ በአንድ እያነበበች።